«እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫኔ በፊት ሁሉንም ማንበብ ነበረብኝ?

ጥያቄ፦ «የፎቶ ማስተካከያ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ከመጀመሬ በፊት የአገልግሎት ስምምነቱን እንድቀበል ጠየቀኝ። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ላንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ አነበብኩ፤ ግማሹ ላይ አልደረስኩም። በየመሃሉ ወደ ሌላ ሰነድ የሚወስዱ ሊንኮች አሉት፤ እነሱም የስምምነቱ አካል ናቸው ይላል። በመጨረሻ ሰለቸኝና ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጫንኩ። አሁን ግን ቅር ይለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው? ነገ ችግር ቢመጣ ‹አላነበብኩም› ብል ሰሚ አገኛለሁ? ለምንስ በአጭሩ አይጽፉትም?»

ምላሽ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልዞር ልመልስ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አርባ ደቂቃ መቀመጥዎ ራሱ ከብዙ ሰው ይለይዎታል። እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬም እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን መጻፍና መመርመር ነው። ሆኖም ስልኬ ላይ ያሉትን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ ብል ዋሸሁ ማለት ነው። ጊዜ ተገኝቶ የሚያልቅ ንባብ አይደለም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ2008 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አሊሺያ ማክዶናልድና ሎሪ ክራነር፣ አንድ ስሌት ሠሩ። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግል መረጃ ፖሊሲ፣ ማለትም የሰውን መረጃ ምን እንደሚያደርጉበት የሚገልጹበትን ሰነድ፣ ቃል በቃል ቢያነብ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? መልሱ ከ200 ሰዓት በላይ ሆነ። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ25 የሥራ ቀን ይበልጣል። ልብ ይበሉ፤ የተቆጠረው የመረጃ ፖሊሲው ብቻ ነው። እርስዎ የታገሉት ዋናው የአገልግሎት ስምምነት ስሌቱ ውስጥ የለም። ዘመኑም ስልኮቻችን ገና በአፕ ያልተሞሉበት ነበር።

በ2016 የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት ነገሩን በዓይን የሚታይ አደረገው። አንድ ኖርዌያዊ በአማካይ ስልኩ ላይ የሚይዘውን ያህል፣ ማለትም 33 አፖች መረጠ። ከዚያ ሰዎች እየተፈራረቁ የሁሉንም ስምምነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ አደረገ፤ ንባቡንም በቀጥታ በኢንተርኔት አስተላለፈ። ከ31 ሰዓት በላይ ፈጀ። ጽሑፉ ተደምሮ ከአዲስ ኪዳን ይረዝም ነበር።

በዚያው ዓመት ጆናታን ኦባርና አን ኦልዶርፍ ኸርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ፈጠሩ። ድረ ገጹ በእውነት የሌለ፣ ለጥናቱ ብቻ የተሠራ ነበር። 543 ተማሪዎች እንዲመዘገቡበት ጋበዙ። ስምምነቱ ውስጥ ደግሞ ሆን ብለው ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛው፣ የተመዝጋቢው መረጃ ለአሜሪካ የስለላ ድርጅትና ለቀጣሪዎች ይሰጣል የሚል። ሁለተኛው፣ ተመዝጋቢው ለአገልግሎቱ ክፍያ የበኩር ልጁን ይሰጣል የሚል። 98 በመቶዎቹ አላዩትም። ስምምነቱ ላይ የቆዩት በአማካይ 51 ሰከንድ ነበር። እነዚህ የተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ ማንበብ አቅቷቸው አይደለም። ሰነዱ እንዲነበብ ተደርጎ እንዳልተሠራ ከልምድ ያውቃሉ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልሂድ፤ ሁለተኛው የሚገባን እሱን ካየን በኋላ ነው። ለምን በአጭሩ አይጽፉትም?

ስምምነቱን የሚጽፈው ጠበቃ በዓይነ ህሊናው የሚያየው እርስዎን አይደለም። የሚያየው ዳኛ ነው። ከዓመታት በኋላ ክስ ቢመጣ ዳኛው ፊት የሚዘረጋው ይህ ሰነድ ነው። ስለዚህ ሊመጣ የሚችለውን ክስ ሁሉ አስቀድሞ ለመዝጋት ይጽፋል። እርስዎ ስልክዎን ይዘው የሚያነቡት ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል።

ሰነዱ እንዴት እንደሚያድግ ከሥራዬ ልንገርዎት። በአንድ ወቅት ለአንድ ትንሽ ኩባንያ የመጀመሪያውን ስምምነት ጻፍኩ። አራት ገጽ ነበር፤ ማንም አንብቦ የሚረዳው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተጠቃሚ የሌላ ሰው ፎቶ የራሱ አስመስሎ ጫነ። የፎቶው ባለቤት ኩባንያውን ከሰሰ። አንድ አንቀጽ ጨመርን። ሰርቨሩ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋና «ገቢያችን ተቋረጠ» የሚሉ ደንበኞች መጡ። ሌላ አንቀጽ። ኩባንያው ሌላ አገር ሥራ ጀመረ፤ የዚያ አገር ሕግ እንዲነገር የሚያስገድደው ነገር ነበረና ሦስት ገጽ ተጨመረ። ከዚያ የክፍያ አገልግሎት ሰጪው የራሱን ሁለት ገጽ ላከ። በአምስተኛው ዓመት ሰነዱን መልሼ ሳየው 22 ገጽ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ይህ አንቀጽ ይውጣ» ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። አንቀጽ የጨመረን ጠበቃ ማንም አይወቅስም። አንቀጽ አውጥቶ በኋላ ክስ የመጣበት ግን መልስ ያጣል። ይህ ነው ሰነዱን የሚያሳብጠው።

ድሮ ወረቀት ልጓም ነበር። ውል ማተም ገንዘብ ይፈጃል። ፈራሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያስፈርመውም ሠራተኛ ማስረዳት ነበረበት። ስክሪን ላይ ግን አምስት ገጽም ሃምሳ ገጽም ወጪው አንድ ነው። ጠያቂም የለም። ልጓሙ ወለቀ።

ሕጉ ራሱም ለርዝመቱ አስተዋጽኦ አለው። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንቀጽ 12 ለሰዎች የሚሰጠው መግለጫ አጭር፣ ግልጽና በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ይሁን ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 13 ደግሞ መነገር ያለባቸውን ነገሮች ረጅም ዝርዝር ያስቀምጣል። መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ፣ በየትኛው ሕጋዊ መሠረት፣ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ እየተባለ ይቀጥላል። ሁለቱን ባንዴ ማሟላት ከባድ ነው። ብዙ ኩባንያዎች አንቀጽ 13ን አሟልተው አንቀጽ 12ን ይረሳሉ።

እርስዎን ያስቸገረዎት የሊንክ ነገርም እዚህ ጋ ይመጣል። አንዳንዶች ዋናውን ሰነድ አጭር ለማስመሰል ይዘቱን በብዙ ገጾች ይበትኑታል። በጃንዋሪ 2019 የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉግልን 50 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አስፈላጊ መረጃዎች በተለያዩ ሰነዶች ተበታትነው ነበር። አንዳንዱን ለማግኘት አምስት ስድስት ጊዜ መጫን ይጠይቅ ነበር። እኔ በበኩሌ ከረጅም ሰነድ ይልቅ የተበተነ ሰነድ ያሳስበኛል። ረጅሙን ቢያንስ በፍለጋ መመርመር ይቻላል።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። በእንግሊዝኛ ስምምነቶች ውስጥ ገጽ ሙሉ በትልልቅ ሆሄያት የተጻፈ አንቀጽ ሳያዩ አልቀሩም። ይህ የመጣው ከአሜሪካ የንግድ ሕግ ነው። ሻጭ የዋስትና ኃላፊነቱን የሚያስቀርበት ጽሑፍ ጎልቶ የሚታይ መሆን አለበት ይላል። ጠበቆች በትልቅ ሆሄ ጽፈው ግዴታቸውን እንደተወጡ ይቆጥራሉ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የሚባል ስለሌለ ነገሩ እንግዳ ይሆንብናል፤ በትልቅ ሆሄ ብቻ የተጻፈ ረጅም አንቀጽ ግን ቋንቋውን ለለመደ ሰውም ዓይን ያደክማል። እንዲታይ የታዘዘው ጽሑፍ ዓይን የሚሸሸው ሆነ። ሆኖም ለእርስዎ ምልክት ሊሆንዎት ይችላል። በትልቅ ሆሄ የተጻፈ ካዩ ኩባንያው «በዚህ አልጠየቅም» እያለ ነው።

አሁን «አላነበብኩም» ማለት ያዋጣል ወይ ወደሚለው እንምጣ። በአብዛኛው ብቻውን አያዋጣም። ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት አነበብክ ወይ ብለው አይደለም። ስምምነት መኖሩን ማወቅ ትችል ነበር ወይ? መስማማትህንስ በግልጽ አሳይተሃል ወይ? ጥያቄያቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በአሜሪካ በ2002 የተወሰነ አንድ ጉዳይ ልዩነቱን ያሳያል። ኔትስኬፕ የሚባለው ኩባንያ በነጻ የሚወርድ ሶፍትዌር ነበረው። ገጹ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል ቁልፍ አለ። ስምምነቱን የሚጠቅሰው ጽሑፍ ግን ከቁልፉ በታች፣ ገጹን ወደ ታች ላልጎተተ ሰው በማይታይ ቦታ ነበር። ሰዎች ቁልፉን ተጫኑ፣ ሶፍትዌሩን አወረዱ፣ ኋላ ላይ ከሰሱ። ኩባንያው በስምምነቱ ታስራችኋል አላቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ቁልፉን መጫናቸው ያላዩትን ውል መቀበል ሊሆን አይችልም አለ። ውሳኔውን የጻፉት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው።

የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ሰነዱ ፊትዎ ቀርቧል፤ «እስማማለሁ» የሚለውንም ራስዎ ተጭነዋል። እንዲህ ያለውን ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ውል ነው ይላሉ። ግን ውል ነው ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጸናል ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት በ1993 የወጣ መመሪያ አለ። ሸማቹ ሳይደራደርበት የቀረበለት የውል ቃል ከቅን ልቦና ውጭ ሆኖ ሚዛኑን ክፉኛ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ሸማቹን አያስርም። ቃሉ አሻሚ ከሆነም ለሸማቹ በሚጠቅመው መንገድ ይተረጎማል። በኦባር ጥናት ላይ ልጄን እሰጣለሁ ብለው የተስማሙት ተማሪዎችም፣ ድረ ገጹ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ልጃቸውን የሚወስድባቸው ፍርድ ቤት የለም። ሕግና ሞራል የሚከለክሉትን ነገር የቱም ክሊክ ሕጋዊ አያደርገውም።

የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ጉድ አይደለም። የሚያስፈራው ተራ የሚመስለውና የሚጸናው አንቀጽ ነው። በ2024 ብዙ ሰው ያስደነገጠ አንድ ጉዳይ ነበር። አንዲት ሴት ፍሎሪዳ ውስጥ የፊልምና የመዝናኛ ኩባንያ በሆነው በዲዝኒ ግቢ በሚገኝ ምግብ ቤት በልታ በአለርጂ ሞተች። ባለቤቷ ክስ መሠረተ። የዲዝኒ ጠበቆች፣ ባልየው በ2019 ለዲዝኒ ፕላስ የፊልም አገልግሎት የሙከራ ምዝገባ ሲያደርግ ክርክሮች በግልግል ዳኝነት እንዲታዩ ተስማምቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ በፍርድ ቤት አይታይም ብለው ተከራከሩ። ለክርክራቸው በድረ ገጻቸው ትኬት መግዛቱንም ጠቀሱ። ሕዝቡ ሲቆጣ ኩባንያው በነሐሴ ክርክሩን ተወው። ነገሩ በሕዝብ ቁጣ ስለቆመ ፍርድ ቤቱ ምን ይል እንደነበር አይታወቅም። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሰው በ2019 ያን ቁልፍ ሲጫን ፊልም ሊያይ ነበር። ስለ ሚስቱ ሞት ክርክር ውል እየገባ እንደሆነ በምን ሊገምት ይችላል? ርዝመቱ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ጊዜ ማባከኑ ትንሹ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰነዱ ለዳኛ የተጻፈ ከሆነ እርስዎም እንደ ልብ ወለድ ከላይ ወደ ታች አያንብቡት። እንደ መዝገበ ቃላት ይፈልጉበት። ገጹን በኮምፒውተር ይክፈቱና በመፈለጊያው ጥቂት ቃላት ይጻፉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስምምነቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ እኔ በመጀመሪያ የምፈልገው «ላይሰንስ» (license፣ ፈቃድ) የሚለውን ነው፤ በተለይ እንደ እርስዎ ፎቶ የሚጫንበት አገልግሎት ከሆነ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ያደርሰዎታል፦

«ለሚጭኑት ይዘት ዓለም አቀፍ፣ ብቸኛ ያልሆነ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ የሚችል፣ የመጠቀም፣ የማባዛት፣ የመለወጥና ለሕዝብ የማሳየት ፈቃድ ይሰጡናል።»

ሲያዩት ፎቶዎን የወረሱብዎ ይመስላል። ቃል በቃል እንፍታው። «ዓለም አቀፍ» የተባለው ሰርቨሮቻቸው በተለያዩ አገሮች ስላሉ ነው። «ብቸኛ ያልሆነ» ለእርስዎ ጥሩ ቃል ነው፤ ባለቤትነቱ ከእርስዎ ጋር ይቆያል፣ ፎቶውን ለሌላም መስጠት ይችላሉ። «ማባዛት» የመጠባበቂያ ቅጂ ያለሱ አይቀመጥም። «መለወጥ» ፎቶውን ለስልክ ስክሪን ማሳነስም መለወጥ ነው። «ለሦስተኛ ወገን» ብዙዎቹ የማከማቻ ቦታ ከሌላ ኩባንያ ይከራያሉ። እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱ እንዲሠራ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ በሚመጣው ጭራ ላይ ነው። ለምን ዓላማ? እስከ መቼስ? «አገልግሎቱን ለማቅረብ» ካለ ልጓም አለው። «ለማንኛውም ዓላማ» ካለ ፎቶዎ ነገ ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል። «ይዘቱን ሲያጠፉ ፈቃዱ ያበቃል» ካለ መልካም። «የማይሻርና ዘላለማዊ» ካለ ግን የልጅዎን ፎቶ እዚያ ከመጫንዎ በፊት ቆም ብለው ያስቡ። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ይዘቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን ይውላል ወይ? በ2023 የቪዲዮ ስብሰባ አገልግሎቱ ዙም በስምምነቱ ያስገባው ቃል ለዚህ በር ይከፍታል ተብሎ ትልቅ ተቃውሞ ተነሣ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ጽሑፉን አስተካክሎ የደንበኞችን ድምፅ፣ ቪዲዮና የጽሑፍ ልውውጥ ለዚህ እንደማይጠቀም ገለጸ። ያን አንቀጽ ያስተዋሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የተጠቀመው ግን ሁሉም ነው።

የቀሩትን ቃላት ቶሎ ልለፋቸው። «አርቢትሬሽን» (arbitration፣ የግልግል ዳኝነት) ብለው ፈልገው ካገኙ፣ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት መሄድ እንደማይችሉ የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ ከሌሎች ተጎጂዎች ጋር ተባብሮ መክሰስንም ብዙ ጊዜ አብሮ ይከለክላል። «ሪኒው» (renew፣ ማደስ) የሚለው የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ሳይጠይቁ ገንዘብ ይቆርጡ እንደሆነ ይነግርዎታል። «ተርሚኔት» (terminate፣ ማቋረጥ) አካውንትዎን በምን ምክንያት ሊዘጉ እንደሚችሉና ፋይሎችዎ ምን እንደሚሆኑ ያሳያል። «ቼንጅ» (change፣ ለውጥ) ደግሞ ስምምነቱን ሲቀይሩ ያሳውቁዎት እንደሆነ ይነግርዎታል። ይህ የመጨረሻው የሚናቅ አይደለም። ዛሬ ያነበቡት ነገ ሳያውቁት ከተቀየረ የዛሬው ንባብ ዋጋ የለውም።

ብቻዎን መልፋትም የለብዎትም። ከ2012 ጀምሮ «ተርምስ ኦፍ ሰርቪስ፤ ዲድንት ሪድ» በሚል ስም የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የታዋቂ አገልግሎቶችን ስምምነት አንብበው ከኤ እስከ ኢ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ኤ ጥሩው ነው፣ ኢ መጥፎው። አነስተኛ አፖችን ላያገኙ ይችላሉ፤ ለትልልቆቹ ግን ጥሩ መነሻ ነው።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው አጠር አድርገው ይጻፉ የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። በ2022 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በጣም ትልልቅ መድረኮች የስምምነታቸውን አጭር ማጠቃለያ በግልጽ ቋንቋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ማጠቃለያውን የሚጽፈው ያው ኩባንያ ነው፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚወስነውም እሱ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሰው የማይጠብቀው አንቀጽ ከ22ኛው ገጽ ወጥቶ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይነገረው። ገንዘብ ሊቆረጥ ሲል፣ መቆረጡ። ፎቶ ሊጫን ሲል፣ ፎቶው የት እንደሚሄድ። ይህን ለማድረግ ቴክኖሎጂው አለ፤ የጎደለው ፈቃደኝነቱ ነው። ለደንበኞቼ ይህን ስናገር «ሰው ይሸሻል» ይሉኛል። ሰው ሲያውቀው የሚሸሸው አንቀጽ ከሆነ ቀድሞም መጻፍ አልነበረበትም እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ አፕ። ተስማምተዋል፤ ነገሩ ግን አልተዘጋም። ዛሬ ማታ ስምምነቱን ከፍተው ቀን ባለው ፋይል ወይም በስክሪንሾት ያስቀምጡት፤ ነገ ቢቀየር የተስማሙበት የትኛው እንደነበር ማሳየት ይችላሉ። ከዚያ «ላይሰንስ» የሚለውን ፈልገው ጭራውን ያንብቡ። «አርቢትሬሽን» ካለበት ደግሞ ከሥሩ «ኦፕት አውት» (opt out፣ መውጣት) የሚል ይኖር እንደሆነ ይዩ። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ላሳወቀ ሰው ከግልግሉ የመውጣት መብት ይሰጣሉ። አንድ አጭር ኢሜይል ይበቃል፤ ቀኑ ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል። በአፑ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የማያስፈልገውን ፈቃድ ያጥፉ። ፎቶ ማስተካከያ አድራሻ ደብተርዎን የሚያይበት ምክንያት የለውም። የፈቃዱ ጭራ ካላማረዎት አካውንቱን ይዝጉ፤ አፑን ከስልክ ማጥፋት ብቻ አካውንቱን አይዘጋውም። ከመዝጋትዎ በፊት ግን ፎቶዎችዎን ወደ ራስዎ ማስቀመጫ ያውጡ፤ ከተዘጋ በኋላ ላያገኟቸው ይችላሉ።